ሦስት መልካም ነገሮች

«ሦስት መልካም ነገሮች» የሥራ መዛልን ለማቅለል በኢንተርኔት የሚሠራ አጭር የጽሑፍ ልምምድ ነው። ሠራተኛው ማታ ከመተኛቱ በፊት በዕለቱ የገጠሙትን ሦስት መልካም ነገሮችና የእሱን ድርሻ ይጽፋል። ትልቅ ጉዳይ አይጠበቅም፤ ለጤና ባለሙያ የታካሚ ምስጋና ወይም ተረኝነቱን የሸፈነለት ባልደረባ ይበቃል። የዛለ አእምሮ የከፋውን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ በጎውን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ይሆናል፤ የልምምዱ ጉልበትም እዚህ ላይ ነው።

መነሻው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቻቸው በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። ለአንድ ሳምንት በየማታው የጻፉ ተሳታፊዎች የደስታ ስሜት እስከ ስድስት ወር ከፍ ብሎ ታይቷል። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲው ብራያን ሴክስተን ልምምዱን ወደ ጤና ባለሙያዎች ወሰዱት። በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናታቸው 228 ሠራተኞች ለ15 ቀናት የሚቆየውን ልምምድ ጀመሩ፤ ስሜታዊ ድካማቸው ከዓመት በኋላም ቀንሶ ተገኘ። ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው ግን ውጤቱን በጥንቃቄ ማየት ይገባል።

ልምምዱ የሰው ኃይል እጥረትንም ሆነ የተራዘመ ተረኝነትን አያስቀርም፤ በእረፍት ፈንታ ማቅረቡ ሠራተኛውን መበደል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የሥራ መዛልን የሚመድበው ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ እንጂ እንደ በሽታ አይደለም።