17 ዋስ ይዞ የተባረረው ሰው

አሜሪካ ውስጥ ሜዲካል ስኩል ለመግባት የሚያመለክት ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ፣ የሚያስጨንቀው ፈተናው ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ከፕሮፌሰሮች የሚላክ የድጋፍ ደብዳቤም አለ። በአገራችን ሕክምና የሚያስገባው በዋናነት የፈተና ውጤት ስለሆነ፣ እዚያ የሚኖሩ ወላጆች «አንተ ብቻ አጥና፣ ደብዳቤ ምን ያደርጋል?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። እኔም ነገሩ እንግዳ ሆኖብኝ ነው ታሪኩን ወደ ኋላ ሄጄ ያነበብኩት።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ለዓመታት ከአንድ ሐኪም ሥር ይማር ነበር። መድኃኒት ይቀምማል፣ በሽተኛ ቤት ተከትሎ ይሄዳል። ከዚያ ሐኪሙ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ብሎ ይጽፍለታል። በእኛ አነጋገር ዋስ ይሆነዋል ማለት ነው። ዋስ ደግሞ የሚያስይዘው የራሱን ስም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1847 ኤልዛቤት ብላክዌል የምትባል ወጣት ያመለከተችባቸው ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ መለሷት። ሴት ናትና። ጆሴፍ ዋሪንግተን የተባለ የፊላደልፊያ ሐኪም ግን ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ለሚገኘው ጄኔቫ ሜዲካል ኮሌጅ ደብዳቤ ጻፈላት። መምህራኑ የተከበረ ሐኪም ማስቀየም አልፈለጉም፤ ሴት መቀበልም አልፈለጉም። ስለዚህ ነገሩን ወደ ተማሪዎቹ ገፉት፤ አንድ ሰው እንኳ ከተቃወመ አትገባም ተባለ። ተማሪዎቹ ቀልድ መስሏቸው በአንድ ድምፅ «ትግባ!» አሉ። ገባች። በ1849 ከክፍሏ አንደኛ ሆና ተመረቀች፤ በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች። ታናሽ እህቷ ኤሚሊ ስታመለክት ግን ያው ኮሌጅ አልተቀበላትም።

በ1850 ደግሞ ማርቲን ዲላኒ ወደ ሃርቫርድ ሄደ። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ፒትስበርግ ውስጥ ከሐኪሞች ሥር ተምሯል፣ ጋዜጣ አዘጋጅቷል። እሱንም ብዙ ትምህርት ቤቶች መልሰውታል። በእጁ የያዘው የ17 ሐኪሞች የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። ልብ በሉ፣ አሥራ ሰባት! ዲኑ ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ ተቀበለው፤ ሌሎች ሁለት ጥቁር ተማሪዎችም አብረውት ገቡ። ትምህርቱ እንደተጀመረ ግን አንዳንድ ነጭ ተማሪዎች «ከእነሱ ጋር አንማርም» ብለው አቤቱታ ጻፉ። ይቆዩ ብለው የተከራከሩ ተማሪዎችም ነበሩ። በመጨረሻ መምህራኑ ሦስቱም ከክረምቱ ወቅት ትምህርት በኋላ እንዳይቀጥሉ ወሰኑ። ዲላኒ ዲግሪውን ሳይዝ ተመለሰ።

እኔን ያስቆመኝ ይሄ ነው። አንዷ በአንድ ደብዳቤና በአንድ ክፍል ሳቅ ሐኪም ሆነች፤ ሌላው 17 ዋስ ጠርቶ ተባረረ። በዲላኒ ደብዳቤዎች ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም። ደብዳቤ ስለ አመልካቹ ይመሰክራል፤ ምስክሩን ሰምቶ የሚፈርደው ግን ተቀባዩ ነው። ተቀባዩ በጩኸት ከተረበሸ 17ቱም ወረቀት ብቻ ይሆናሉ።

በ1854 ፒትስበርግ ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ብዙ ሐኪሞች ከተማዋን ጥለው ሸሹ። ዲላኒ ቀርቶ በሽተኞችን አከመ። ለዚህ ሥራ ማንም ደብዳቤ አልጠየቀውም።

ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፉት በአብዛኛው የሳይንስ ፕሮፌሰሮች ናቸው። አመልካቹ ብዙውን ጊዜ ደብዳቤውን የማየት መብቱን በፊርማው ይተዋል፤ ስለ ራሱ የተጻፈውን ሳያነብ ዕድሉን ይጠብቃል። መቶዎች በሚቀመጡበት አዳራሽ ፕሮፌሰሩ የማንን ስም ያውቃል? ከክፍል በኋላ ቆይቶ የሚጠይቀውን፣ ቢሮ በር የሚያንኳኳውን። ከትምህርት ቀጥታ ወደ ሥራ የሚሮጠው፣ ወይም «ታላቅ ሰው አይደፈርም» ተብሎ ያደገው ልጅ ጥሩ ውጤት ይዞም የሚያውቀው ሰው ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ለዚህ ልጅ «አጥና» ማለት ብቻ አይበቃም። የፕሮፌሰሩን በር ማንኳኳት ድፍረት እንዳልሆነ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል፤ ከዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። የዲላኒን ታሪክ ማንበብ ያለባቸው ግን፣ ከልጁ ይልቅ ደብዳቤውን ከፍተው የሚያነቡት ይመስሉኛል።