ጃፓንኛ ማስተማር ሙያ እስኪሆን

በ1702 የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ዴንቤይ የሚባል የኦሳካ ሰው አስቀርቦ አነጋገረ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዴንቤይ የንግድ ቤት ሠራተኛ ነበር። የተሳፈረባትን መርከብ ማዕበል ገፍቶ በሩሲያ ምሥራቅ ጫፍ ካምቻትካ ጣላት፤ ኮሳኮች የሚባሉት የሩሲያ ወታደሮችም አግኝተው ሞስኮ ድረስ ወሰዱት። ንጉሡ ስለ አገሩ ከጠየቀው በኋላ ለሩሲያ ወጣቶች ጃፓንኛ እንዲያስተምር አዘዘው። ዴንቤይ የፈለገው አገሩ መግባት ነበር፤ አልተፈቀደለትም።

ከእሱ በኋላ የመጡት ታሪክ ይብስ ያሳዝናል። በ1729 ካምቻትካ ላይ ከደረሰች የሳጹማ (የደቡብ ጃፓን ግዛት) መርከብ 17 ሰዎች በሕይወት ወርደው ነበር፤ ኮሳኮች 15ቱን ገደሏቸው። የተረፉት ሶዛ የሚባል ጎልማሳና ጎንዛ የሚባል የመርከብ መሪ ልጅ ናቸው። ሁለቱ ሴንት ፒተርስበርግ ተወስደው እቴጌ አና ፊት ቀረቡ። በ1736 በሳይንስ አካዳሚው ውስጥ የጃፓንኛ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራን ተደረጉ። ሶዛ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው ጎንዛ ብቻውን ቀረ። ከአካዳሚው ባልደረባ ከአንድሬይ ቦግዳኖቭ ጋር ሆኖ 12,000 ያህል ቃላት የያዘ መዝገበ ቃላት ካዘጋጀ በኋላ በ1739 በ21 ዓመቱ አረፈ። መዝገበ ቃላቱ ዛሬም አለ። በውስጡ ያለው ግን የትውልድ አገሩ የሳጹማ አነጋገር ነው፤ የኤዶ (የኋላዋ ቶኪዮ) ሰው እንኳ በቀላሉ አይሰማውም ነበር። ልጁ የሚያውቀው ያንን ነበር፤ ተማሪዎቹም ሌላ ጃፓንኛ መኖሩን የሚነግራቸው አልነበረም።

የጎንዛን ታሪክ ያነሳሁት ስለ ሙያዬ ብዬ ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለውጭ አገር ሰዎች አማርኛ አስተምራለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ደግሞ ጃፓን፣ ጃፓንኛን ለባዕድ በማስተማር ትምህርት ነው። «የገዛ ቋንቋን ለማስተማር ምን ዲግሪ ያስፈልጋል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጃፓኖችም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ይሉ ነበር። ሐሳባቸውን ምን እንዳስለወጣቸው ማወቅ ለእኛ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ያስጨነቃቸው የቻይና ተማሪዎች መምጣት ነው። በ1896 ቶኪዮ የገቡትን 13 ቻይናውያን ተማሪዎች የተቀበላቸው የጁዶ መሥራች ካኖ ጂጎሮ ነበር። ሥራው ሰፍቶ ኮቡን ጋኩዪን የተባለው ትምህርት ቤት ሆነ፤ ኋላ የዘመናዊው የቻይና ሥነ ጽሑፍ አባት የተባለው ሉ ሹን በ1902 ገብቶ የተማረው እዚያ ነው። ከመምህራኑ አንዱ ማትሱሞቶ ካሜጂሮ ነበር። ቻይናዊ ተማሪ የጃፓንን መጽሐፍ ሲከፍት ብዙዎቹ ቃላት በቻይና ፊደል ስለሚጻፉ ያውቃቸዋል፤ የሚጠፋበት ቃላቱን እርስ በርስ የሚያያይዘው ሰዋስው ነው። ማትሱሞቶ ለእነዚህ ተማሪዎች ታስቦ የተሠራ የሰዋስው መጽሐፍ በ1904 አወጣ። ለጃፓን ልጆች የተጻፈው አይሆናቸውም ነበርና። በ1914 በካንዳ ሰፈር የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1917 ከተማሩበት አንዱ ኋላ የቻይና ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ጁ ኤንላይ ነው።

በዚሁ ዘመን ግን ቋንቋው የገዥ መሣሪያም ሆኖ ነበር፤ ይህን የሙያውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሊያልፈው አይገባም። ጃፓን ታይዋንን በ1895 ስትይዝ ወዲያው የጃፓንኛ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በ1896 የመጀመሪያ ቀን ስድስት መምህራን በአመፀኞች ተገደሉ። በኮሪያ አገዛዙ እየከበደ ሄዶ ኮሪያኛ ከትምህርት ቤት እስከ መውጣት ደረሰ። በተማሪው ቋንቋ ሳይተረጉሙ በጃፓንኛ ብቻ የማስተማር ዘዴ የዳበረውም ባብዛኛው በእነዚህ ቅኝ ግዛቶች ነው። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ግን የከፈሉበት በእናታቸው ቋንቋ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሙያውን ወደ አሜሪካ ወሰደው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጃፓንኛ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ነበር። በ1942 የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሁሉ ከምዕራቡ ጠረፍ እንዲወጡ ሲታዘዝ መምህራኑም መውጣት ስለነበረባቸው ትምህርት ቤቱ ወደ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ተዛወረ። ብዙዎቹ የአስተማሪነት ሥልጠና ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ መንግሥት የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ካጎረባቸው ካምፖች ወጥተው የመጡም ነበሩባቸው። ቤተሰቡን ያጎረ መንግሥት ደጅ ቆሞ ለዚያው መንግሥት መኮንኖች ቋንቋውን በትዕግሥት ያስተማረን ሰው እጅግ አከብረዋለሁ። መማሪያው ናጋኑማ ናኦኤ ቶኪዮ በአሜሪካ ኤምባሲ ሲያስተምር ያዘጋጀው መጽሐፍ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ኤድዋርድ ሳይደንስቲከር በኋላ የጃፓናዊውን ደራሲ የካዋባታን ልብ ወለዶች ተረጎመ፤ ካዋባታ በ1968 ኖቤል ተሸለመ።

ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የራሱን የቋንቋ ትምህርት ቤት አጠናከረ። እዚያ ጃፓንኛን ትመራ የነበረችው ኤሊኖር ጆርደን በዬል ዩኒቨርሲቲ ስለ ጃፓንኛ አረፍተ ነገር ጽፋ በ1950 ዶክትሬቷን ያገኘች ምሁር ናት። በ1962 መውጣት የጀመረው መማሪያዋ በጥናት የተገነባ ነበር። እኛንም የሚነካን እዚህ ላይ ነው፤ ይኸው ተቋም በ1964 የአማርኛ መማሪያም አሳትሟል፤ አማርኛ ተናጋሪዎች ከቋንቋ ሊቅ ጋር ተቀምጠው ያዘጋጁት ነው።

ጃፓን ውስጥ የጃፓንኛ ትምህርት ማኅበር የተቋቋመው በ1962 ነው። በ1983 የጠቅላይ ሚኒስትር ናካሶኔ መንግሥት 10,000 ያህል የነበሩትን የውጭ ተማሪዎች 100,000 ለማድረስ አቀደ። መምህር ከየት ይምጣ? ዩኒቨርሲቲዎች ተራ በተራ የሥልጠና ክፍል ከፈቱ፤ ጹኩባ በ1985 ጀመረ፤ ዋሴዳ በ2001 ለዚሁ ሙያ ብቻ የቆመ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት አቋቋመ።

ይህ ትምህርት ምን እንደሆነ ለማስረዳት የምጠቅሰው ሰው ቴራሙራ ሂዴኦ ነው። ለውጭ ተማሪዎች ሲያስተምር የኖረ የሰዋስው ሊቅ ነው። ጃፓንኛ «ዋ» እና «ጋ» የሚባሉ ሁለት ጥቃቅን ቃላት አሉት፤ ሁለቱም ከባለቤቱ ስም ኋላ ይገባሉ። ጃፓናዊ አይሳሳትባቸውም፤ ለምን አንዱን መረጥህ ቢሉት ግን «እንዲህ ነው የሚባለው» ብሎ ያልፋል። ጠይቆ የሚያስጨንቀው ባዕዱ ነው። ቴራሙራ እነዚህን ጥያቄዎች የምርምሩ መነሻ አደረጋቸው፤ በ1990 ከማረፉ በፊትም የውጭ ተማሪዎች በጽሑፋቸው የሠሯቸውን ስሕተቶች ሰብስቦ በየዓይነታቸው አሰናዳ። እኔ በተማርኩበት ክፍል የመጀመሪያው ሥራችን እንዲህ ያለ የስሕተት ዝርዝር ይዞ ምክንያቱን መፈለግ ነበር። ቀጥሎ የማስተማር ልምምድ መጣ፤ ትምህርቱ በቪዲዮ ይቀረጽና መምህሩ የተናገረውና ተማሪው የተናገረው ቃል በቃል ይጻፋል። መምህራችን ወረቀቱን አይቶ ይጠይቅ የነበረው፣ ተማሪው አፉን የከፈተው የት የት ላይ ነው ብሎ ነው።

ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽም ሆነ በየቤቱ አማርኛ የምታስተምሩ ወገኖቼ፣ የተማሪዎቻችሁን ስሕተት አርማችሁ ብቻ አትተዉት። ከነተማሪው አፍ መፍቻ ቋንቋ በደብተር መዝግባችሁ አኑሩት። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ይህን ደብተር ፈልገው ይሰብስቡ፤ አማርኛን ለባዕድ የማስተማር ጥናት መጀመር ያለበት ከእሱ ነው።