ዓባይን ማን አየው?

“የዓባይን ምንጭ ማን አገኘው?” የሚለው ጥያቄ ከጠቅላላ እውቀት ውድድር ጠፍቶ አያውቅም። ተወዳዳሪው “ጀምስ ብሩስ!” ይላል፤ ይጨበጨብለታል፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል።

መልሱ ሁለት ስህተት አለበት። የመጀመሪያውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሰከላ ላይ ከብት የሚያግድ የአገው እረኛ ውሃው ከየት እንደሚፈልቅ ለማወቅ ስኮትላንዳዊ አላስፈለገውም። ሁለተኛው ግን ብዙ አይወራም። ከአውሮፓውያኑ መካከል እንኳ ብሩስ የመጀመሪያው አይደለም። ከእሱ 152 ዓመት ቀድሞ ምንጩ አጠገብ የቆመ፣ ያየውንም የጻፈ ሰው ነበር። ብሩስ የዚህን ሰው ስም በደንብ ያውቅ ነበር፤ የጻፈውንም ውሸት ነው ብሎ ለመጣል ብዙ ገጽ አቃጥሏል።

ነገሩ ወዲህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፔድሮ ፓኤዝ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት መጀመሪያ የሞከረው በ1589 ሲሆን መንገድ ላይ ተይዞ ወደ የመን ተወሰደ፤ ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ቆየ። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ፓኤዝ ግን በ1603 እንደገና ሞክሮ በምጽዋ በኩል ገባ። አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ ከቤተ መንግሥት ተጠጋ፤ የአፄ ሱስንዮስም ወዳጅ ሆነ። ሃይማኖትን በተመለከተ ይህ ወዳጅነት በኋላ በአገሪቱ ላይ ያመጣው መዘዝ ከባድ ነው፤ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ፓኤዝ ግሽ ዓባይ ደረሰ። አደረሰው እንጂ ደረሰ ማለት ራሱ ትንሽ ያስቸግራል። የሄደው ከንጉሡና ከሠራዊቱ ጋር ነው። መንገዱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ አገሩም የእነሱ ነው። ፓኤዝ ይህንን አልደበቀም። ምንጩን ካየ በኋላ ግን ቂሮስና ካምቢሲስ፣ ታላቁ እስክንድርና ዩልዮስ ቄሳር ሊያዩ ተመኝተው ያላገኙትን እሱ ማየቱን ጠቅሶ መደሰቱን ጽፏል። የመነኩሴ ትዕቢት ይፈቀዳል ከተባለ ይህ የሚፈቀደው ዓይነት ነው።

የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋልኛ ጽፎ በጨረሰበት በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። የእጅ ጽሑፉ ወደ አውሮፓ ሄዶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ስለ ዓባይ ምንጭ የሚያወራውን ክፍል አትናቴዎስ ኪርከር የተባለ ሌላ የማኅበሩ ሊቅ በ1652 በላቲን አሳተመው። ሙሉው መጽሐፍ የታተመው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ደራሲው ከሞተ ከ280 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ከፓኤዝ በኋላ ጀሮኒሞ ሎቦ መጣ፤ ፖርቱጋላዊ ነው፤ እሱም የዚያው ማኅበር ቄስ። በኢትዮጵያ የቆየው ከ1625 እስከ 1634 ነው። ሎቦ ምንጩንም ፏፏቴውንም አይቷል። ጢስ ዓባይን ሲያወራ እንግዳ ነገር ይናገራል፦ ከሚወርደው ውሃ ጀርባ ገብቶ ዓለት ላይ ተቀምጦ፣ በውሃው መጋረጃ ውስጥ ቀስተ ደመና አይቷል። የሎቦ ጽሑፍ በ1728 በፈረንሳይኛ፣ በ1735 ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጣ። እንግሊዝኛውን የተረጎመው ገና ስም ያላወጣ የ25 ዓመት ድሃ ወጣት ነበር፤ ስሙ ሳሙኤል ጆንሰን። በኋላ ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው፣ “ራሴላስ” የሚባል የአቢሲኒያ ልዑል ታሪክ የደረሰው ጆንሰን ማለት ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉ ስለ እኛ አገር ነበር።

አሁን ብሩስ ይግባ።

ብሩስ ሀብታም ባላባት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ፈረስ ጋላቢ፣ ተኳሽ፣ ቋንቋ የሚቀናው። በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገባ። ጎንደር ያን ጊዜ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረች፤ ዙፋኑ ላይ ያሉት ወጣቱ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ቁስቋም በሚገኘው በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር ብሩስ እንደ ሐኪም ተጠራ። በሽተኞቹን ለማከም መስኮት ማስከፈቱና ክፍሉን ማጽዳቱ ከመድኃኒቱ ይልቅ ሳይጠቅመው አልቀረም። በዚህ የቤተ መንግሥቱን ሴቶች ልብ አገኘ፤ የምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ አስቴር ጥሩ ወዳጁ ሆነች። በአገሩ ፖለቲካ ውስጥ ያለ ሰው ካልያዘ ከጎንደር ወደ ግሽ መሄድ እንደማይቻል የገባው ሰው ነበር።

በሜይ 1770 ከሠራዊቱ ጋር ወጥቶ ጢስ ዓባይን አየ። ጦርነት ስለነበር ወደ ምንጩ ሳይደርስ ተመለሰ። በሁለተኛው ሙከራ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። እዚህ ጋ ወልዶ የሚባል መሪ አለ። ብሩስ በመጽሐፉ ተንኮለኛ አድርጎ ነው የሚስለው። ወልዶ ቦታውን ከማሳየቱ በፊት የብሩስን ቀይ የሐር መታጠቂያ ፈለገ፤ ብሩስም ፈትቶ ሰጠው። የአካባቢው ሰዎች ምንጩን ስለሚያከብሩት ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነበር። ብሩስ ጫማውን ወርውሮ ቁልቁል ሮጠ፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከኮኮናት ቅርፊት በተሠራ ኩባያ ከምንጩ ቀድቶ ስለ ንጉሡ ስለ ሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጣ፤ አብሮት የነበረውን ስትራቴስ የሚባል ግሪካዊም እንዲጠጣ ጋበዘው። ግሪካዊው ለዚህ ሥነ ሥርዓት ብዙም ፍላጎት አላሳየም።

በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው የሚነበበው። ብሩስ ምንጩን ካየ በኋላ ከባድ ኀዘን እንደወደቀበት ይናገራል። የአውሮፓ ነገሥታት ያልደረሱበት ደረሰ፤ ከዚያስ? ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ ከመጣበት ይብሳል፤ ያየው ደግሞ ረግረግ መሬት ላይ ያለች ትንሽ ጉድጓድ ናት። ስለ ራሱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከዚህ የበለጠ እውነት ያለበት ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ብሩስ ግን አንድ ሰው ከዚህ ትዕይንት አውጥቷል። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ኢጣሊያዊ ሠዓሊ ከእሱ ጋር ነበር፤ ዕፅዋቱንና ሕንፃዎቹን የሚስለው እሱ ነው። በ1771 ጎንደር ውስጥ ሞተ። በብሩስ መጽሐፍ ግን ባሉጋኒ የሚሞተው ወደ ምንጩ ከተደረገው ጉዞ በፊት ነው። ሟቹ በእጁ የጻፋቸው የጉዞ ማስታወሻዎች ተርፈው ባይገኙ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ማስታወሻዎቹ እሱም ግሽ እንደነበረ ይናገራሉ። በሞተ ሰው ላይ እንዲህ ማድረግ ከቶ ምን ይባላል?

ፓኤዝንም እንዲሁ አወጣው። በኢጣሊያ የፓኤዝን ጽሑፍ ግልባጮች መርምሬአለሁ፣ ኪርከር ያሳተመው ነገር በውስጣቸው የለም አለ። ሎቦንም ከፏፏቴው ጀርባ ተቀመጥኩ ማለቱ ሊሆን የማይችል ነው ብሎ ውሸታም አደረገው። ፏፏቴው ግን በበጋና በክረምት አንድ አይደለም፤ በጋ ያየው ሰውና ዝናብ ሲጥል ያየው ሰው የተለያየ ነገር ቢጽፉ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

ቀኑ ሲደርስ ዕጣው ለራሱም መጣ። ብሩስ በ1774 ለንደን ሲገባ መጀመሪያ ሁሉም ሊሰማው ተሻማ፤ ቆይቶ ግን መሣቂያ አደረጉት። ከሁሉ በላይ ያላመኑት የጥሬ ሥጋውን ነገር ነው። ቁርጥ ቤት በየሰፈሩ ላለው አንባቢ ይህ ያስቃል። (ከቆመች ላም ላይ ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ያለው ግን እኛንም ያጠራጥራል።) የሎቦ ተርጓሚ ጆንሰን እንኳ ብዙም አላመነውም። ብሩስ ተቀይሞ ርስቱ ላይ ተቀመጠ። አምስት ጥራዝ መጽሐፉን ያወጣው በ1790፣ ከተመለሰ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቤቱ ውስጥ ከደረጃ ወድቆ ሞተ።

እነዚህ ሰዎች ሲጨቃጨቁ የአገሬው ሰው የራሱ የግሽ ዓባይ ታሪክ ነበረው። በቦታው የሚዘከሩት አቡነ ዘርዐ ብሩክ ናቸው። ንጉሥ ሊያስራቸው ሲል መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ከእስር ተፈተው ሲጠይቁ ውሃው መጻሕፍቱን ሳይረጥቡ መለሰላቸው ተብሎ ይተረካል። ወደ ግሽ የሚሄደው ምእመን ጠበል ይዞ ይመለሳል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ጉዳዩ ሌላ ነውና። የነገሥታቱ ዜና መዋዕልም ዘመቻን፣ ሹመትን፣ ሞትን ይመዘግባል እንጂ ፏፏቴ ስንት ክንድ እንደሚወርድ መለካት ሥራው አልነበረም። ወልዶ አልጻፈም። ከሱስንዮስ ሠራዊት ጋር ግሽን ካዩት ወታደሮች አንዱም አልጻፈም። ስለዚህ የጢስ ዓባይን የጥንት መልክ የሚያስረዳን ምስክር ስንፈልግ የምንሄደው እርስ በርስ ውሸታም ወደሚባባሉት ፈረንጆች ነው።

ምስክርነታቸው ደግሞ ይሄ ነው። ብሩስ በሜይ ወር፣ ዝናብ ወንዙን ከሞላው በኋላ፣ ውሃው ያለ አንዳች ክፍተት አንድ ወጥ ሆኖ ሲወርድ አየ። ስፋቱን ከግማሽ ማይል በላይ፣ ማለትም 800 ሜትር ገደማ፣ ከፍታውን ደግሞ ወደ 40 ጫማ የሚጠጋ፣ ማለትም 12 ሜትር ያህል አለው። የዛሬው ልኬት ከፍታው 40 ሜትር አልፎ ጥቂት፣ ስፋቱም በሙላት ጊዜ እስከ 400 ሜትር ነው። ሰውየው ስፋቱን እጥፍ አደረገ፤ ከፍታውን ሦስት አራተኛ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ቀነሰው። ጉረኛ የሚባል ሰው ከፍታውን ማሳነሱ ይገርማል። ግን ወሩን ጽፏል፤ ዝናብ መጣሉን ጽፏል። ከ250 ዓመት በኋላ ተነስተን ትክክል ነህ፣ ተሳስተሃል ልንለው የቻልነው በዚህ ነው።

የዛሬው ተጓዥ ይህንን አያደርግም። ማኅበራዊ ሚዲያውን የሞላው የጢስ ዓባይ ፎቶ ወርም ዓመትም የለውም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምክንያቱም ፏፏቴው እንደ ድሮው አይደለም። በ1964 ጢስ ዓባይ አንድ የኃይል ማመንጫ በ11.4 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ፤ ከወንዙ የሚወስደው ጥቂት ነበርና ፏፏቴው ብዙም አልተነካም። በ1996 ባሕር ዳር ላይ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት፣ የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የውሃው አወጣጥ በሰው እጅ ገባ። በ2001 በ73 ሜጋ ዋት የጢስ ዓባይ ሁለት መጣ፤ ያን ጊዜ ውሃው ከፏፏቴው ጎን አልፎ ወደ ተርባይኑ ሄደ። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ፤ እሱ ውሃውን የሚወስደው ከሐይቁ በዋሻ ቀጥታ ወደ በለስ ነው። በልጁ ምስል የምናስታውሰው የድሮው የ1 ብር ኖት ጀርባው ላይ ጢስ ዓባይ ነበረበት። ኖቱ ከእጃችን ወጥቶ ሳንቲም ሲተካው፣ ሥዕሉ ላይ የነበረውን ያህል ውሃም ከዓመቱ ብዙ ወራት ወጣ።

መብራት አያስፈልግም የሚል የለም። ባሕር ዳር በጨለማ ትሁን፣ ፋብሪካዋ ይቁም ብሎ የሚከራከር ካለ ኩራዝ ይዞ ያደገ ሰው ይመልስለት። ግን የተከፈለው ዋጋ በግልጽ ይነገር። የአስጎብኚዎች ማስታወቂያ ላይ ዛሬም የሚለጠፈው የሙላት ጊዜ ፎቶ ነው። እሱን አይቶ በየካቲት የሄደ ቤተሰብ ከጥቁር ዓለት ላይ ቀጭን ውሃ ሲንጠባጠብ ያገኛል፤ ልጆቹ “ይሄ ነው እንዴ?” ይላሉ። አባትየው የሚመልሰው የለውም። መግቢያ ላይ ትኬት የሚቆርጠው ልጅም አስቀድሞ አልነገረውም።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ለመሄድ ያሰበ ሰው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይሂድ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጢስ ዓባይ ከተማ በእግር ሲወርድ የአላታን የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ በሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 አካባቢ የተሠራ ነው፤ ፓኤዝ አልደረሰበትም፣ ሎቦ አዲስ ሳለ አይቶታል፣ ብሩስም ከነቅስቱ መዝግቦታል። ከድልድዩ ወዲያ ያለውን ዳገት በእርጋታ ይውጣ፤ ክረምት ላይ ያዳልጣል። ፎቶ ካነሳም ቀኑን ከሥሩ ይጻፍበት።