ስምን ማን ያወጣዋል?



ዛሬ በየቤታችን ነፍሰ ጡር ባለች ቁጥር ከሚነሡት ወሬዎች አንዱ «ስሙ ማን ይሁን?» የሚለው ነው። አልትራሳውንድ የሚባለው መሣሪያ በአምስተኛው ወር ገደማ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ስለሚናገር፣ ወላጆች ገና ልጁ ሳይወለድ ስም መርጠው፣ ልብሱንም ገዝተው ይጠብቃሉ። አያቶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። «እኛ ሳንጠየቅ?» ይላሉ። በዚህ የተነሣ በአንዳንድ ቤት ቅሬታ ገብቶ ክርስትናው ቀን ድረስ ሳይበርድ መቆየቱን የምናውቅ እናውቃለን። እኔም የስም አወጣጣችንን ታሪክ ጥቂት ላጫውታችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ነገር ግን አያቶች የሚቆጡበት ምክንያት ቢታወቅ ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ይመስለኛል።

በቀድሞው ልማድ በሆድ ላለ ልጅ ስም አይወጣም ነበር። አንደኛ ነገር ፍርሃት አለ። እናቲቱ በሰላም መገላገሏ አይታወቅ፣ የተወለደውም ማደጉ አይታወቅ፤ ስለዚህ «ማርያም ትቅረብሽ» ይባላል እንጂ ስለ ስም አፉን የሚከፍት የለም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ስም የሚገኘው በቤቱ ውስጥ ከደረሰው ነገር ነበር፤ ነገሩ ገና ሳይደርስ ስሙ ከየት ይመጣል? «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚባለውም በዚህ መንገድ ቢታይ ይገባል። ሰው መርጦ ያመጣው ሳይሆን በጊዜው የወረደ ነው ማለታቸው ነው።

እንግዲህ የእድር ሰዎች ነንና ከሐዘን ጋር የተያያዙትን ስሞች ላስቀድም። ልጅ በሞተበት ቤት ቀጥሎ የሚወለደው ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካ፣ ተካልኝ ይባላል። ካሳ፣ ካሳዬ፣ ካሳሁን የሚሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ የጠፋውን የሚክስ ማለት ነው። ማስረሻ የሚባል ሰው ባጋጠማችሁ ጊዜ፣ እርሱ ከመወለዱ በፊት በዚያ ቤት መረሳት የነበረበት አንድ ሐዘን እንደነበረ መገመት ትችላላችሁ። ኑርልኝ የሚለው ደግሞ ስም ብቻ አይደለም፣ ልመና ነው። እናት ልጇን ለምሳ ስትጠራው በዚያው ትለምናለች። ክትባትና ሐኪም ባልነበረበት ዘመን አንዲት እናት ስንት ልጅ እንደቀበረች የሚቆጥር መዝገብ አልነበረም፤ መዝገቡ የተከታዮቹ ልጆች ስም ነው።

ጎረቤትን የሚያናግሩ ስሞችም ነበሩ። በላቸው፣ ደምሴ፣ ጣሰው፣ ማንደፍሮ፣ ይበልጣል የሚሉት ስሞች የሚሰማቸው አላቸው። አባት ከባላንጣው ጋር በርስት ሲካሰስ ከርሞ ወንድ ልጅ የተወለደለት እንደሆነ፣ በአፉ ያልተናገረውን በልጁ ስም ይናገረዋል። ልጁ ምን ያውቃል! እርሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የአባቱን ሙግት ተሸክሞ ይዞራል። ሴቶቹ በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ ወርቅነሽ፣ ድንቅነሽ፣ ጥሩነሽ ይባሉና ከጠብ ይተርፋሉ። ዝናብ ሲጥል የተወለዱት ዘነበና ዘነበች፣ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የተወለዱት አብዮት የተባሉትም፣ ዛሬ ስማቸውን ሲነግሩን የተወለዱበትን ጊዜ አብረው ይነግሩናል።

ይህ ሁሉ የቤት ስም ነው። ሌላው የክርስትና ስም ነው። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የቀኑ ቁጥር ከኦሪት ዘሌዋውያን የመንጻት ሕግ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት እንደገቡ ይናገራል። በዚያ ቀን ካህኑ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ለሴትም ወለተ፣ አመተ በሚሉት ቃላት ላይ የጻድቁን ወይም የመልአኩን ስም አክሎ ይሰጣል። እዚህ ላይ ወላጅ ብዙ ድምፅ የለውም።

ነገሥታቱም ቢሆኑ በዚሁ መንገድ ያለፉ ናቸው። እቴጌ ጣይቱ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ሲወለዱ ምኒልክ የሚለውን ስም ያወጡት አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንደሆኑ ይነገራል፤ ሣህለ ማርያም የሚል ስምም ነበራቸው። ተፈሪ መኰንን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት አዲስ ስም ፈልገው ሳይሆን የክርስትና ስማቸውን አውጥተው ነው። ካሳ ኃይሉ ግን በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ፣ በትንቢት ሲጠበቅ የኖረውን ቴዎድሮስ የሚለውን ስም ያዙ። ሕዝቡ ስሙን አስቀድሞ ያውቀው ስለነበረ ስሙ ብቻውን ግማሽ ሠራዊት ሆኗቸዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዚያ ላይ ታጠቅ በሚለው ፈረሳቸው አባ ታጠቅ ይባላሉ፤ ምኒልክም አባ ዳኘው። የወሎው መሐመድ ዓሊ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በ1870 ዓ.ም. ሲጠመቁ ሚካኤል ተብለዋል፤ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው አፄ ዮሐንስ ነበሩ። ስም የመንግሥት ጉዳይም ይሆናል ማለት ነው።

በእስልምና ተከታዮች ጎረቤቶቻችን ዘንድ ስም የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በሰባተኛው ቀን ነው። በግ ይታረዳል፣ የልጁ ፀጉር ይላጫል፣ አቂቃ ይባላል። እዚያም ቢሆን አያትና ሽማግሌ ሳይጠየቅ አይታለፍም።

ስም የመስጠቱ ነገር በልጅነት ብቻም አያበቃም። በብዙ አገር ሙሽራይቱ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ሌላ ስም ታወጣላት ነበር። ልጅ ስትወልድ ደግሞ ያም ይቀርና የእገሌ እናት ትባላለች። እንደዚህ እየተባለች 40 ዓመት በሰፈር የኖረች ሴት፣ አባቷ ያወጣላትን ስም የሚያውቅ አንድ ጎረቤት ላይገኝ ይችላል። የሚገርመው በሕጉም በልማዱም የኢትዮጵያ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ይህን እንደ ክብር ለውጭ አገር ሰው እናወራዋለን። ግን ስሟን ካልጠራናት መያዟ ምን ጠቀማት?

በኋላ ጊዜ መሥሪያ ቤትም ስም አውጪ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደ አውሮፓውያን የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረን ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ዛሬም የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እያልን እንቀጥላለን። ወደ ውጭ አገር የሄዱት ልጆቻችን ግን ይህ ነገር ይቸግራቸዋል። እዚያ የመጨረሻው ስም የቤተ ሰብ ስም ተደርጎ ስለሚያዝ፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው በአያቱ ስም «አቶ» እየተባለ ይጠራል፤ ሚስቱ ደግሞ ሌላ፣ ልጆቹም አንዳንድ ጊዜ ሌላ ይሆኑበታል። በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ፣ በተለይ ሕፃናቱ፣ እንደደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ካደጉ በኋላ ወላጆቻቸው ወዳወጡላቸው ስም የተመለሱ አሉ። ምትኩ ወይም ማስረሻ የተባለን ልጅ ስም መለወጥ፣ ምትክ የሆነለትን ሟች አብሮ መፋቅ መሆኑን ለዚያ ጸሐፊ ማን ይንገረው?

አሁን ወደ እድራችን ልመለስ። እኔ በጽሕፈት ሥራ በረዳሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ችግር ይህ ነው። ሰው ያርፋል። ጥሩምባ ነፊው በሌሊት ይነሣል፤ «የእገሌ እናት አርፈዋል» ብሎ ይለፍፋል። እስከዚህ ድረስ ሰፈሩ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ሲደረስ ግን ካህኑ ለፍትሐቱ የክርስትና ስም ይጠይቃል። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አንዱ ወለተ ማርያም ይላል፣ ሌላይቱ አይደለም ወለተ ጊዮርጊስ ናት ትላለች፤ ወደ ገጠር ስልክ ይደወላል፤ የሚያውቁት የክርስትና እናት ከሞቱ ቆይተዋል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የምንል ሰዎች፣ መቃብሩ አፍ ላይ ቆመን ስሙን እንፈልጋለን። ይህ ለሐዘንተኛ ቀላል ነገር አይደለም። ያለቀሱትን ያህል ያፈሩ ልጆች አይቻለሁ።

ለወደፊት እናትና አባት የምለው ስለዚህ ጥቂት ነው። አጭርና ለአፍ የሚጣፍጥ ስም ብትመርጡ አልቃወምም፤ ሶልያናም ናታንም መልካም ስሞች ናቸው። ስሙን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን አያቶቹን ጠይቁ። የሚሉትን ባትቀበሉ እንኳ ምን ሊሉት አስበው እንደነበረና ስለምን እንደሆነ ጽፋችሁ አስቀምጡ። አያት አንድ ስም ሲያነሣ ብዙ ጊዜ ከበስተኋላው እናንተ ያልሰማችሁት ሰው አለ። ደግሞም ጊዜው አጭር ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣውና በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ ላይ በዋለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕግ መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ሞትም በ30 ቀን። አንዴ የተመዘገበን ስም መለወጥ ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ጣጣ ነው።

ለነባር አባላት ደግሞ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የእድራችን መዝገብ የአባወራውን ስም እስከ አያቱ ይዟል፤ ከሥሩ «ባለቤት» ይልና ቦታው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ መዝገቡ ሲታደስ፣ የእያንዳንዷ እመቤት ስም ከነአባቷ፣ ክርስቲያን የሆኑትም የክርስትና ስማቸው ተጨምሮ እንዲጻፍ ጉባኤው ይወስን። እስከዚያ ድረስ እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ እየጠየቃችሁ በወረቀት ይዛችሁ ኑ።