የሀሪኬን የደመና ምልክቶች

የሀሪኬን የደመና ምልክቶች የሚባሉት ኃይለኛ የሐሩር ባሕር አውሎ ነፋስ ወደ አንድ ስፍራ ሲቃረብ በሰማይ ላይ ተራ በተራ የሚታዩ የደመና ዓይነቶች፣ ቅርጾች፣ ቀለሞችና የጉዞ አቅጣጫዎች ናቸው። ሀሪኬን በአትላንቲክ ውቅያኖስና በሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ የሚነሣ፣ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ቢያንስ 119 ኪሎ ሜትር የደረሰ አውሎ ነፋስ ነው። ይኸው ክስተት በሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ ታይፉን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ሳይክሎን ይባላል። ሳተላይት ከመምጣቱ በፊት የካሪቢያን ነዋሪዎችና መርከበኞች አደጋውን ቀድመው የሚያውቁት ደመናን፣ ሞገድንና ባሮሜትርን አጣምረው በማየት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምልክቶቹ መነሻ

ሀሪኬን ጉልበቱን የሚያገኘው ሙቀቱ 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማና ከዚያ በላይ ከሆነ የባሕር ውኃ ነው። እርጥብ አየር በማዕከሉ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ይወጣና ከ12 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ ሽቅብ መውጣቱ ያበቃል፤ ከዚያ ወደ ጎን ይዘረጋል። ስለዚህ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የታችኛው ነፋስ በሰዓት ዘንግ ተቃራኒ እየዞረ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ የላይኛው አየር ወደ ውጭ ይፈስሳል። ይህ ፍሰት ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶችን ይዞ ይጓዛል፤ ከምድር ሲታዩ ሲረስ የተባሉት ቀጫጭን፣ ላባ መሰል ነጫጭ ደመናዎች እነሱ ናቸው። የሲረስ ሽፋን ከማዕከሉ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ከዝናቡና ከነፋሱ ቀድሞ ይደርሳል።

ከአውሎ ነፋሱ ዳርቻ ውጭ ደግሞ አየር ቁልቁል ይወርዳል። የሚወርድ አየር እየሞቀና እየደረቀ ስለሚሄድ ደመናን ያከስማል። ሀሪኬን ከመድረሱ በፊት ያለው ቀን ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ፣ ሞቃትና ጸጥተኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መልካም የሚመስለው አየር ራሱ ከምልክቶቹ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ቅደም ተከተል

ጊዜው እንደ አውሎ ነፋሱ ስፋትና ፍጥነት ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያውን ወሬ የሚያመጣው ባሕሩ ነው፦ ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሰማዩ ገና ንጹሕ ሳለ፣ ከሩቅ የመጣ ከባድ ሞገድ የባሕሩን ዳርቻ መምታት ይጀምራል። 36 ሰዓት ገደማ ሲቀር ሲረስ ከአንድ የአድማስ አቅጣጫ ይወጣል፤ ባሮሜትሩም ቀስ በቀስ መውረድ ይጀምራል። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ይህ ደመና የመዳብ ወይም የጡብ አቧራ ቀለም ሊይዝ ይችላል።

ሲረሱ እየተያያዘ ሲሮስትራተስ ወደሚባል ስስ መጋረጃ ሲለወጥ በፀሐይና በጨረቃ ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ይታያል። ቀጥሎ መካከለኛው ደመና ይወፍራል፤ ፀሐይም ትደበዝዛለች። ወደ መጨረሻው ቀን፣ ከግራጫው ሽፋን በታች ትንንሽ የተበጣጠሱ ደመናዎች በፍጥነት ያልፋሉ። በአድማስ ላይ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር የደመና ግንብ ይቆማል፤ መርከበኞች የማዕበሉ ዋና አካል መምጣቱን የሚያውቁት በዚህ ነበር። ከዚያ በኋላ በየመሐሉ ጋብ የሚል ኃይለኛ ዝናብ ይከተላል።

ማዕከሉ በቀጥታ በላይ ካለፈ ነፋሱ በድንገት ይቆማል፤ ሰማዩም ሊከፈት ይችላል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 65 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የአውሎ ነፋሱ ዐይን ነው። ዐይኑ ሲያልፍ ነፋሱ ከተቃራኒው አቅጣጫ በሙሉ ኃይሉ ይመለሳል። አውሎ ነፋሱ አበቃ ብለው ከመጠለያ የወጡ ሰዎች ለሞት የሚዳረጉት በዚህ ቅጽበት ነው።

አቅጣጫን ከደመና ማንበብ

የሲረስ ጭረቶች ከአድማስ ላይ ከአንድ ነጥብ የተበተኑ መስለው ከታዩ፣ ያ ነጥብ በግምት የማዕከሉን አቅጣጫ ያመለክታል። ታዛቢው ነጥቡን ለሰዓታት ይከታተላል። ነጥቡ በአድማሱ ላይ ወደ ጎን ከተንቀሳቀሰ አውሎ ነፋሱ አልፎ የመሄድ ዕድል አለው። ባለበት ጸንቶ ደመናው ብቻ ከወፈረ ግን ወደ ታዛቢው እየመጣ ሊሆን ይችላል። ግምቱን ለማጣራት የምድሩ ነፋስ ይታያል፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞረ ሰው ማዕከሉን በስተቀኙ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ባዘነበለ አቅጣጫ ያገኘዋል።

የሐቫና ታዛቢዎች

ይህን ልማዳዊ ዕውቀት ወደ ሥርዓታዊ ሳይንስ ያሸጋገሩት በ1837 በካታሎኒያ የተወለዱት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ቤኒቶ ቪኜስ ናቸው። በ1870 ወደ ሐቫና መጥተው እስከ ሕልፈታቸው እስከ 1893 የቤሌን ኮሌጅን የአየር ምልከታ ጣቢያ መርተዋል። ነፋሱ በየከፍታው የተለያየ አቅጣጫ እንዳለው ያስተዋሉት ደመናን በየእርከኑ ለይተው በመመዝገብ ነው፦ በምድር ላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ በዝቅተኛው ደመና እርከን ማዕከሉን ይዞራል፣ በሲረስ ከፍታ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል። መስከረም 1875 ኩባን ስለሚያሰጋ ሀሪኬን አስቀድመው በጋዜጣ አስጠነቀቁ። ያ አውሎ ነፋስ ኩባን ካለፈ በኋላ በቴክሳስ የኢንዲያኖላን ከተማ አወደመ። ቪኜስ የምልከታቸውን ውጤት በ1877 በመጽሐፍ አሳትመዋል።

በ1900 ኩባ በአሜሪካ ጦር ሥር ሳለች፣ የአሜሪካ የአየር ጠባይ ቢሮ የኩባውያን ትንበያ በመንግሥት የቴሌግራፍ መስመር እንዳይተላለፍ አሳገደ። በዚያው መስከረም ዋሽንግተን አንድ አውሎ ነፋስ ወደ ፍሎሪዳና ወደ አትላንቲክ ይታጠፋል ስትል የሐቫና ታዛቢዎች ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይዘልቃል አሉ። መስከረም 8 ቀን የቴክሳሷን ጋልቬስተን መታ፤ ቢያንስ 6,000 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች የሚቀበሉት ግምት 8,000 ነው።

የምልክቶቹ ገደብ

ጋልቬስተን የደመና ንባብን ድክመትም አሳይታለች። በከተማዋ የቢሮው ኃላፊ የነበረው አይዛክ ክላይን በዘገባው፣ የሚጠበቀው የጡብ አቧራ ቀለም ፈጽሞ እንዳልታየ ጽፏል። በዚያ ቀን አደጋውን የጠቆመው፣ ነፋስ ከሰሜን እየነፈሰበት እንኳ ከፍ ማለቱን ያላቆመው ባሕር ነበር።

ሲረስ ከተራ የነጎድጓድ ዝናብም ሆነ ከሌላ የአየር ሥርዓት ሊመጣ ስለሚችል ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ጠባብ አውሎ ነፋስ የሲረስ ሽፋኑም ትንሽ ይሆናል፤ በሌሊት የሚቃረበውን ደግሞ ዐይን አያገኘውም። ከሁሉም በላይ ደመና ከታች ሲታይ የነፋሱን ኃይል አይናገርም። ጥቅምት 2023 ኦቲስ የተባለው አውሎ ነፋስ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ከመለስተኛ ማዕበልነት ወደ ከፍተኛው አምስተኛ ደረጃ አድጎ የሜክሲኮዋን አካፑልኮ መትቷል። ስለዚህ ይፋዊ ማስጠንቀቂያ ከወጣ፣ የሰማዩ ጥርት ማለት ለመዘግየት ምክንያት አይሆንም።

ከላይ የሚታይ ደመና

የመጀመሪያው የአየር ጠባይ ሳተላይት ቲሮስ 1 ሚያዝያ 1 ቀን 1960 ሲመጠቅ የደመና ንባብ አልቀረም፤ የሚነበብበት ቦታ ተለወጠ እንጂ። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ቬርኖን ድቮራክ ከሳተላይት ምስል የደመናውን ቅርጽና ጥምዝ አይቶ የነፋሱን ኃይል መገመቻ ዘዴ አዘጋጀ፤ ዘዴው ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ከምድር ያለ ታዛቢ የአውሎ ነፋሱን የመጨረሻ ሰዓታት ብቻ ሲያይ፣ ሳተላይት መነሻውንም ያሳያል። ከአትላንቲክ ታላላቅ ሀሪኬኖች 85 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ ከሚጓዙ የአየር ሞገዶች ይወለዳሉ። በነሐሴ 2000 አልቤርቶ ወደተባለው ሀሪኬን ያደገውን የደመና ስብስብ ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ሲከተሉት የደረሱት ከኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ላይ ነበር።