ኃጢአትና ወንጀል

ባለፈው ሴሚስተር በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍል የኦስካር ዋይልድን ድርሰት አንብበን ስናበቃ ክርክሩ ከክፍል ወጥቶ ካፌ ገባ፤ ከካፌም አልፎ ማታ ዶርም ድረስ ተከተለን። ነገሩን ያነሳው ድርሰቱ አልነበረም፤ የደራሲው መታሰር ነው። ዋይልድ በ1895 (ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከወንዶች ጋር ባደረገው ግንኙነት የሁለት ዓመት እስራት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈርዶበታል። ከመካከላችን አንዱ፣ «ታዲያ ምን ይገርማል? ሃይማኖት ሁሉ አንድ ቃል ነው የሚናገረው፤ ሕጉም ከዚያው የተቀዳ ነው» ብሎ ዘጋው። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። አንድ ጓደኛችን ግን፣ ያውም ከሁላችን ይበልጥ ተከራካሪ የሚባለው፣ ያን ዕለት ማታ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅነውም፤ መጠየቅም የኛ ፈንታ አይደለም። ዳሩ ግን ዝምታው ከነከነንና ላይብረሪ ገባን። ይህች አጭር ሐተታ የዚያ ፍለጋ ውጤት ናት።

እስቲ በቅድሚያ በክርክሩ ውስጥ ያለውን እውነት እንቀበል። ኦሪት ዘሌዋውያን ወንድ ከወንድ ጋር መተኛቱን ይከለክላል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ያወግዛል፤ ቁርኣንም የሉጥን ሕዝቦች ታሪክ እየደጋገመ ያነሳል። ይህን የሚክድ ሰው ታሪክ ሳይሆን ምኞት ነው የሚጽፈው። የኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ክልከላውና ወህኒ ቤቱ አንድ ናቸው ወይ? ኃጢአት የተባለ ሁሉስ ወንጀል መባል አለበት ወይ? በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሃይማኖቶች አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም።

ከእስልምና እንጀምር። የሐነፊ መዝሀብ መሥራች የሆኑት አቡ ሐኒፋ ድርጊቱን ኃጢአት ይሉታል፤ ነገር ግን ለዝሙት ከተደነገገው ቋሚ ቅጣት ሥር አያስገቡትም፤ ቅጣቱ ለዳኛው ግምት የተተወ ነው። ሌሎቹ መዝሀቦች ከዚህ የከበደ ፍርድ ሰጥተዋል። መጽሐፉ አንድ፣ ፍርዱ ግን ልዩ ልዩ ማለት ነው። በ1858 ደግሞ የኦቶማን መንግሥት በፈረንሳይ ሕግ አርአያ ባወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ አዋቂ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚፈጽሙት ግንኙነት ከወንጀል ዝርዝር ጠፋ። ያን ሕግ ያወጣው ሱልጣን የሙስሊሞች ኸሊፋ ተብሎ የሚጠራው ራሱ ነበር! በሌላ በኩል በዛሬዪቱ ኢራን ወንድ ከወንድ ጋር ቢተኛ እስከ ሞት ያስቀጣል፤ ሆኖም በዚያችው አገር አያቶላህ ሆሜኒ በ1980ዎቹ በሰጡት ፈትዋ በቀዶ ሕክምና ጾታን መለወጥ ተፈቅዷል። እንግዲህ በአንድ አገር፣ በአንድ ሃይማኖት፣ በአንድ ዘመን ይህን ያህል ልዩነት ካለ «አንድ ቃል» የሚባለው የቱ ላይ ነው?

አሁን ወደ ዋይልድ አገር እንሻገር። በእንግሊዝ ጉዳዩ እስከ 1533 ድረስ የቤተ ክህነት ፍርድ ቤት ጉዳይ ነበር። በዚያ ዓመት ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሮማ ጋር በተጣላበት ወቅት፣ ቀድሞ በካህናት እጅ የነበረውን ሥልጣን አንድ በአንድ ሲጠቀልል፣ ይህንንም በፓርላማ ሕግ ወደ ዘውዱ ዳኝነት አዛወረው። ቅጣቱም ስቅላት ሆነ። ልብ እንበል፤ ኃጢአቱን ወንጀል ያደረገው የመንፈሳዊነት መጨመር ሳይሆን የሥልጣን ሽሚያ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር አንልም፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ዮስጢንያኖስ ረሃብና የምድር መናወጥ የሚመጣው በዚህ ኃጢአት ነው ብሎ ሕግ አውጥቷል፤ ዙፋንና መስቀል እጅ ለእጅ የተያያዙበት ዘመንም ብዙ ነው። የእንግሊዙ ታሪክ የሚያሳየን ግን ሁለቱ ነገሮች ሊለያዩ እንደሚችሉ ነው።

በእንግሊዝ በዚህ ምክንያት ለመጨረሻ ጊዜ ሰው የተሰቀለው በ1835 ነው። የሞት ቅጣቱ በ1861 ቀረ፤ እስራቱ ግን ቀጠለ። በ1952 የዛሬው ኮምፒዩተር አባት ከሚባሉት አንዱ፣ የሒሳብ ሊቁ አለን ቱሪንግ፣ በዚሁ ሕግ ተፈረደበት፤ ከወህኒ ይልቅ የሆርሞን መድኃኒት መወጋትን መረጠ፤ በ1954ም ሞተ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ነው እኛን ያስገረመን። ሕጉ እንዲለወጥ ቀድመው ከጠየቁት መካከል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይገኙባቸዋል። በ1954 የቤተ ክርስቲያኒቱ የሞራል ጉዳይ ምክር ቤት ጥናት አውጥቶ ሕጉ እንዲመረመር ጠየቀ። በጥናቱ የተሳተፈው ቄስ ዴሪክ ሸርዊን ቤይሊ በ1955 ባሳተመው መጽሐፍ የሰዶምን ታሪክ እንደገና መረመረ፤ የሰዶም በደል የእንግዳ ተቀባይነትን ወግ መጣስ ነው ሲልም ተከራከረ። ክርክሩን ሁሉም አልተቀበለውም። ቢሆንም ማንም ሰው ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 16 ቁጥር 49ን ገልጦ ማየት ይችላል፤ ነቢዩ እዚያ ላይ ስለ ሰዶም ሲናገር የሚያነሳው ትዕቢትን፣ ጥጋብንና ድሀን አለመርዳትን ነው። በኛ ቋንቋ ድርጊቱ የሚጠራው በዚያችው ከተማ ስም ስለሆነ ነገሩ ለኛም ሳያገባን አይቀርም።

በ1957 በዩኒቨርሲቲ መሪ በጆን ዎልፈንደን የሚመራው ኮሚቴ አዋቂዎች በግል፣ በፈቃዳቸው የሚፈጽሙት ከወንጀልነት እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጆፍሪ ፊሸር የኮሚቴውን ዋና ሐሳብ ደገፉ። ተተኪያቸው ማይክል ራምዚም በ1965 በላይኛው ምክር ቤት ቆመው ለለውጡ ድጋፋቸውን ሰጡ። እኚህ ጳጳሳት «ኃጢአት አይደለም» አላሉም፤ ኃጢአት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ያሉት፣ ኃጢአት ሁሉ የፖሊስ ሥራ አይደለም ነው። ሕጉም በ1967 ለእንግሊዝና ለዌልስ ተለወጠ። በሰሜን አየርላንድ ግን ሌላው ቄስ ኢያን ፔዝሊ በ1977 ለውጡን ለማገድ የፊርማ ዘመቻ አስነሱ፤ እዚያ ሕጉ የተለወጠው በ1982፣ በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ውሳኔ ምክንያት ነው። ሁለቱም ወገኖች የያዙት መጽሐፍ ቅዱስ ግን አንድ ነው።

ምን አለፋችሁ፣ የእንግሊዝ ሕግ በእንግሊዝ ብቻ አልቀረም። በ1860 በወጣው የሕንድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቁጥር 377 ሆኖ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ቅኝ ግዛቶች ተዛመተ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንቀጹ በፈቃደኛ አዋቂዎች ላይ እንዳይሠራ የወሰነው በ2018 ነው። በዩጋንዳ ደግሞ በ2023 እስከ ሞት የሚያስቀጣ አዲስ ሕግ ሲወጣ የአገሪቱ የአንግሊካን ሊቀ ጳጳስ አመሰገኑ፤ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ግን አዘኑ፣ ተቃወሙም። ያው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው! በዚያው በ2023፣ ጥር ወር ላይ፣ የሮማው ፖፕ ፍራንሲስ ለጋዜጠኛ በሰጡት ቃል ኃጢአትና ወንጀል ይለያዩ ብለው በግልጽ ተናገሩ። የቤተ ክርስቲያናቸውን ትምህርት ግን አልሻሩም። በአይሁድ ዘንድም እንዲሁ፤ የእስራኤል ፓርላማ ክልከላውን በ1988 ከወንጀል ሕጉ ሰረዘ፤ የአሜሪካ ኮንሰርቫቲቭ ረቢዎች ደግሞ በ2006 በአንድ ስብሰባ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ውሳኔዎችን አጸደቁ።

ወደ ቤታችን ስንመለስስ? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ድርጊቱን በቁጥር 600 ይቀጣ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣውም በአንቀጽ 629 ይቀጣል። «ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነው» የሚለው አባባል በየካፌው ይሰማል። እንግዲያው በ1672 መነኩሴው ገላውዴዎስ በግዕዝ የጻፈውን ገድለ ወለተ ጴጥሮስን እናንሳ። በጣና ዙሪያ ስለኖረችውና የንጉሥ ሱስንዮስን የካቶሊክ ሃይማኖት ስለተቃወመችው ቅድስት የሚናገረው ይህ ገድል፣ ወጣት መነኮሳይት እርስ በርሳቸው በፍትወት ሲፈላለጉ ቅድስቲቱ ማየቷንና ልቧ በሐዘን መቃጠሉን ይተርካል። ገድሉ በ2015 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ስለ አተረጓጎሙ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። ጸሐፊው ነገሩን እንደ ኃጢአት እንጂ እንደ መልካም ነገር አልጻፈውም፤ ይህን መደበቅ አይገባንም። ነገር ግን ከ350 ዓመት በፊት የነበረ መነኩሴ የሚያውቀውን ፈተና ትናንት በአውሮፕላን እንደመጣ ዕቃ መቁጠር፣ ኧረ፣ የገዛ መጽሐፋችንን አለማንበብ ነው።

እኛ የምናምን ልጆች ነን፤ ከመካከላችን የሚጾም አለ፣ የሚሰግድ አለ። የአባቶችን ትምህርት እንሻር አላልንም፤ ለዚያ ዕውቀቱም ሥልጣኑም የለንም። የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ሰው ለንስሐ አባቱ የተናዘዘውን ኃጢአት ካህኑ ለዳኛ ይነግራል? አይነግርም። ለምን? ንስሐ በፈቃድ ካልሆነ ንስሐ ስላልሆነ ነው። ቀኖና ስግደት ነው፣ ጾም ነው፣ ምጽዋት ነው፤ ካቴና የለበትም። አባቶቻችን ይህን ልዩነት ከዎልፈንደን በፊት ያውቁት ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ዶርም ውስጥ፣ በአንድ ማታ ክርክር፣ ሁለቱን አቀላቅለን፣ ኃጢአቱንም እስራቱንም በአንድ ራስ ንቅናቄ አጸደቅን።

ስሕተታችን ያ ነበር። ያ ጓደኛችን ይህችን ወረቀት ያነባት ይሆናል፤ ላያነባትም ይችላል። ካነበባት ግን ያን ዕለት ማታ የነቀነቅነውን ራስ ዛሬ መልሰን እንደያዝነው ይወቅልን። ለእርሱ የምናቀርበው ጥያቄ የለንም፤ ጥያቄው ለራሳችን ነው።