«አደጋ» የሚል ቃል ያልነበረባቸው ደብዳቤዎች

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ የታሪክ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እ.ኤ.አ. በ1985 ዴቪድ ብሌር እና ማሮን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ጠበቆችን ያስደነገጠ ጥናት አሳተሙ። አንድ ትልቅ ድርጅት ክስ ቀርቦበት፣ ጠበቆቹ ወደ 40,000 የሚጠጉ ሰነዶችን (350,000 ገጽ ገደማ ነው!) ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተው በአይቢኤም ፕሮግራም ማስረጃ ይፈልጉ ነበር። ከሚያስፈልገን ቢያንስ 75 በመቶውን አግኝተናል ብለው ያምኑ ነበር። ሲለካ ያገኙት 20 በመቶ ገደማ ሆነ።

ምን ነካቸው? አንዱ ፍለጋ ስለ አንድ አደጋ ነበር። ጠበቆቹ «አደጋ» ብለው ፈለጉ፤ ማሽኑም «አደጋ» የሚለውን ብቻ አመጣላቸው። ነገሩ ውስጥ እጃቸው ያለበት ሰዎች ግን ደብዳቤያቸው ላይ «አደጋ» ብለው መች ጻፉ? «ችግሩ»፣ «ሁኔታው»፣ «ክስተቱ» እያሉ ነው ያለፉት። የእኛስ ሰው፣ የተበላ ገንዘብ ሪፖርት ላይ ሲደርስ «ጉድለት» ይለው የለ!

መፍትሔው የመጣው ከቋንቋ ሊቃውንት ነው። ዜሊግ ሃሪስ በ1954፣ እንግሊዛዊው ፈርዝ ደግሞ በ1957 የጻፉት ሐሳብ ሲጨመቅ፣ የቃል ትርጉም አብረውት ከሚውሉት ቃላት ይታወቃል የሚል ነው። (ከአህያ ጋር የዋለችው ጊደር ምን ተምራ እንደመጣች ታውቃላችሁ።) በ1970ዎቹ ጄራርድ ሳልተን ሰነዶችን ወደ ቬክተር ቀየራቸው፤ አዎ፣ ፊዚክስ ላይ የተማራችሁት ቬክተር። በሁለቱ መካከል ያለው አንግል ሲጠብ ኮሳይኑ ወደ 1 ይጠጋል፣ ተቀራረቡ ማለት ነው። በ2013 ጉግል ውስጥ የነበሩት ሚኮሎቭና ባልደረቦቹ ይህንኑ መንገድ ለቃላት በብዙ ቢሊዮን ቃላት ላይ በፍጥነት የሚሠራ አደረጉት።

እንግዲህ አሁን የዲጂታል ፎረንሲክ ባለሙያ፣ ከተያዘ ኮምፒውተር ማስረጃ የሚያወጣው ሰው፣ «አደጋ» ብሎ ቢፈልግ «ክስተት»ም ሊመጣለት ይችላል። ጥሩ ነው። ግን የሙያው ቃላት ላይ ሲደርስ መለኪያው ይንሸራተታል። «ኢሜጅ» በጋዜጣ ጽሑፍ የሠለጠነ ማሽን ዘንድ የ«ፎቶ» ጎረቤት ነው፤ ለፎረንሲክ ባለሙያ ግን የሃርድ ዲስኩ ሙሉ ቅጂ ነው። ይህንንስ የሙያውን ሪፖርቶች በማስነበብ ማረም ይቻላል።

እኔን የሚያሳስበኝ «ዲሊት» እና «ዋይፕ» ነው። ሁለቱም ከ«ፋይል»፣ ከ«ዲስክ»፣ ከ«ማጥፋት» ጋር ስለሚውሉ መለኪያው ያቀራርባቸዋል። ዲሊት የተደረገ ፋይል ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ አለ፤ ማንም ሰው በስህተትም ያደርገዋል። ዋይፕ ሆን ተብሎ በላዩ ተጽፎ እንዳይመለስ የሚደረግ ነው። ሪፖርቱ ላይ አንዱ በሌላው ቢተካ፣ ስልኩን ያጸዳ ልጅ ዳኛው ፊት ማስረጃ አጥፊ ሆኖ ይቆማል።

የኮሳይኑን ስሌት በምሳሌ ማየት የምትፈልጉ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ እሠራላችኋለሁ።